የገመዱ ጫፍ

ነሐሴ፣ ዓርብ ማለዳ፣ አጅማን ጀልባ መሥሪያ፤
ሰማዩ አመድ ብቻ፣ የወበቅ ማደሪያ።
አንድ ክሬን፣ ሁለት ምሰሶ፣ የተጣለ ቆርቆሮ፣
የእንጨት ጀልባ ቆማ፣ ጎኗ በምስማር ተጠፍሮ፤
ሽማግሌው ኸልፋን፣ ቁጢጥ ብሎ ከሥሯ፣
ዘይት የጠጣ ጥጥ ያጎርሳል ለስንጥቅ ለሽንቁሯ።
ካሜራዬን ስደግን ገመዱ ወጠር አለ፤
ከሥዕሉ ጠርዝ ላይ አንድ ክርን ተንጠለጠለ፣
ላብ ያጠመቀው ክርን፤ ባለቤቱ ከውጭ ቀርቶ።
ቀጭ አደረግኩ። በቃ። ማን ያስተውላል ሁሉን አይቶ?

ማክሰኞ ማታ ማኅበሩ፣ ሳምቡሳና ሻይ በወተት፤
መብራቱ ይጠፋና ግድግዳው ይሆናል ችሎት።
ዳኛው በቀይ ነጥቡ እያንዳንዷን ጉድፍ ወጋ፦
"ሰማይሽ ሞቷል፤ ክሬኑ ምን ሊያደርግ ከዚህ ተጠጋ?
ይሄ ክርን ደግሞ የማን ነው? ዓይኔን ጎትቶ አወጣው።
ሽማግሌው ግሩም ነው። የቀረውን ጥረጊው፣ አጽጂው።"
ስድስት ከአሥር ሰጠኝ።

አንደኛ ቢጁ ወጣ፤ ከመስጊድ የገዘፈ ጨረቃ፣
ከኬንያ በመጡ ወፎች የተሞላ የእኛው የባሕር ዳር ጭቃ።
ደግ ሰው ነው ቢጁ። ደረጃው ላይ ጠበቀኝ።
"ሰማይ ነው የቸገረሽ?" አለኝ። "አራት መቶ አለኝ፣ በፍላሽ፤
የጠዋት፣ የማታ፣ ደመናም ያለው፤ የወደድሽውን ልስጥሽ።"

እኔ ቀን የምውልበት የፓስፖርት ፎቶ ቤት ነው፤
ነጭ ጀርባ፣ ጥርስ አይታይ፤ ሕጉ እንደ ብረት ነው፤
ጠባሳ አይነካም፣ ማድያት አይነካም፣ መስመር አይደለዝም ከግንባር፤
የነካካሁት እንደሆን ይመለሳል ከመስኮቱ በር።
ያን ዕለት አንዲት ልጅ፣ የጉንጯን ቃጠሎ በጣቷ ሸፍና፣
"ይቺን ብቻ፣ እህቴ" አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለምና።
"አይቻልም" አልኳት።

በቀን ያልቻልኩትን ማታ ቻልኩት በቤቴ፤
ማንም ሳይለምነኝ፣ ተከፍቶ ኮምፒውተሬ፣ ቀዝቅዞ ራቴ።
ክሬኑን በአንድ ጠቅታ፣ ምሰሶዎቹን በሁለት፤
ቆርቆሮው ላይ አሸዋ በተንኩ፤ የቢጁን ሰማይ ዘረጋሁት፣
ብርቱካን የተላጠበት ሰማይ።
ክርኑ ግን አስቸገረኝ።
ከጎኑ ባሕር እየቀዳሁ፣ ጠብ ጠብ፣ ጠብ ጠብ አድርጌ፣
አሰጠምኩት፤ ክርን የሚያህል ነገር።

ዘጠኝ ተኩል ከአሥር። ሰማያዊ ሪባን። ጭብጨባ።
ገመዱ እንደተወጠረ ነበር፤
ማን እንደሚስበው ዳኛው አልጠየቀኝም።

ዐውደ ርዕዩ ሲከፈት ኸልፋን መጣ፣ ልብሱ እንደ ወረቀት ነጥቶ፣
ከኋላው አንድ ወጣት፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣
የሸሚዙን ቁልፍ እስከ ማንቁርቱ ዘግቶ።
ሽማግሌው አየ፣ አየና፣ ከት ብሎ ሳቀ፦
"ጠዋት ነበር እኮ! እዚህ ባሕሩ ፀሐይ ይውጣል እንጂ
መቼ ይተፋል?"
ወጣቱ አልሳቀም። ሞክሌስ ይባላል። ተጠጋ፤
ጣቱን ከጀልባዋ አስነስቶ በገመዱ ላይ አስጓዘ፣
ሄደ፣ ሄደ፣ ከጠርዙ ሲደርስ ቆመ፣ ፈዘዘ።
ከዚያ መዳፉን ገልጦ አየ። ገመድ የላጠው መዳፍ።
"እኔ እዚህ ነበርኩ" አለኝ በተሰባበረ ዓረብኛ፣
ባዶውን ግድግዳ እየነካ።

"እመልስሃለሁ" አልኩት፣ ምላሴ ደርቆ፤ "ክሬኑንም፣ ቆርቆሮውንም፣
ያን አመድ ሰማይ፣ ሁሉን እንደነበረ።"
ደነገጠ። "አይ፣ ሰማዩስ ይሁን!" አለ፤ "ለእናቴ ነው የምልከው፤
እሷ ትወደዋለች። እጄን ብቻ ጨምሪው።"

ይኸው ሦስተኛ ሌሊቴ፤
ክርኑን ከካርዱ አወጣሁ፣ ከብርቱካኑ ሰማይ አጠገብ አኖርኩት።
ቀለሙን አሞቅኩ፣ ጥላውን ገፋሁ፣ እንደገና ጀመርኩት።
ላቡ ላይ ያረፈው ብርሃን ግን የዓርብ ጠዋት ነው፣ አመድማ፤
አልቀላም ብሎኛል።