ግልብጥ ፊደል

ሱቄ ጠባብ ናት፤ አንድ ወንበር፣ አንድ መብራት፣
ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀርባ፣ ደረጃው የሚያልቅባት።
ሠላሳ አንድ ዓመት ፊደል ገልብጬ ቀርጫለሁ፤
ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ እንደ ዳዊት ለምጃለሁ።
የእድሩን፣ የወፍጮ ቤቱን፣ የቀበሌውን ማኅተም፣
የሟች ስም እንኳ ቀርጫለሁ፣ "ወራሾቹ" ተብሎ ሲታተም።
ጎማው ላይ የተጣመመ ወረቀት ላይ ይቃናል፤
ሙያዬ ይኸው ነው፤ የቀረውን ዓይን ይለምደዋል።

ሐምሌ ነበር፣ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ፣
ሦስት ልጆች ገቡ፣ ጫማቸው ውሃ የጠገበ።
አንዷ ትርሲት ትባላለች። ከጉያዋ ወረቀት አወጣች፤
በአንድ ብር ሳንቲም ዙሪያ እስክሪብቶ አዙራ ክብ ሥላለች።
"መሐሉ ላይ በር ይሁን፣ ወለል ብሎ የተከፈተ፤
ዙሪያውን የማኅበራችን ስም" አለች፣ ጓደኛዋ እጅጌዋን እየጎተተ።
"ለምን ልትሉት ነው?" አልኳት።
"ስብሰባ ልንጠይቅ ነው። ፈቃድ።"
"ፈቃድ" ስትል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።
ዋጋ አልተከራከሩኝም፤ ሳንቲም በሳንቲም ቆጠሩልኝ፤
ክቡ የተለካባትም ሳንቲም ከመሐል ደረሰችኝ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም።
ዣንጥላ የያዘ ሰው መጣ፤ ጫማው ደረቅ፣
መኪናው ደጃፌ ላይ ሞተሯ ሳይጠፋ ስትጠብቅ።
ሳልጋብዘው ወንበር ሳበ፤ "አስቸኳይ" አለ፣ "ለነገ"፤
አራት ማዕዘን፣ ናስ፣ ሰም ላይ የሚያርፍ፣ አንድ ቃል ብቻ ፈለገ፦
ታሽጓል።

ስንቱን "ታሽጓል" ቀርጫለሁ! ለከሰረው ነጋዴ፣
ለወራሽ ጠብ፤ እጄን ለማን ነው ብዬ አልጠየቅሁትም አንዴ።
"ሽ"ን ገለበጥኳት፤ "ጓ"ን ጠምዝዤ አስቀመጥኳት፤
መብራት ሄዶ ነበር ሌሊቱን፤ በሻማ ጨረስኳት።
ሃምሳ ብር ጨመረልኝ፤ ጉርሻ ነው ብዬ ተቀበልኩ፤
ደረሰኙን "ያለ ስም" ሲለኝ፣ "ያለ ስም" ብዬ ጻፍኩ።

ዓርብ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስወርድ ሰው ቆሞ አየሁ፤
ከልብስ ሰፊው በላይ፣ ፎቅ ላይ፣ የልጆቹን ቢሮ ለየሁ።
ሁለቱን ሳንቃ ያጋጠመ ቁራጭ ወረቀት፣
ወረቀቱ ላይ ቀይ ሰም፣ ሰሙ ላይ የእኔ ፊደላት።
"ጓ"ዬ ትንሽ ታዘነብላለች፤
አርመኑ ጌታዬ ሙሴ ክሪኮር እስኪሞት ቆጥቶኝ አልተመለሰችም።
በዚህ ከተማ እንዲያ የምታዘነብል ሌላ "ጓ" የለችም።
የኔታ ቅኔ ሲያስፈቱን፣ ሰሙን ግለጡት ይሉ ነበር፣ ወርቁ ከሥር ይገኛል፤
ሰሙ ይኸው፣ የኔታ። ወርቁ በሌሊት ተጭኗል።

ልደታ ፍርድ ቤት፣ ጥቅምት ላይ፣ ለምስክርነት ተጠራሁ።
ዐቃቤ ሕጉ ክቡን ጎማ በላስቲክ አንጠልጥሎ፣
"ይህን ያውቁታል?"
"አውቀዋለሁ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ።"
"የቱን ሁለተኛ?"
"በሩ ላይ ያለውን።"
"ምስክሩ የተጠየቀውን ብቻ ይመልስ" ተባልኩ።
ትርሲት ከሳጥኑ ውስጥ ቀና አለች። ፀጉሯ ተቆርጧል።
ሳቋን ፈለግሁ። አላገኘሁም። አልፈረድኩባትም።

ትናንት፣ ሱቅ ልዘጋ ስል፣ አንዲት ሴት መጣች፤
የስንቅ ሣህን በፌስታል ይዛለች፣
ክዳኑ ሳይከፈት የተመለሰ።
"የትርሲት እናት ነኝ" አለች። ቁጭ በይ አልኳት፤ አልተቀመጠችም።
"ያንኑ ቅረጽልኝ። በሩ ክፍት የሆነውን።"
"እናቴ፣ ለምን ይሆንሻል? እነሱ የሉ፣ ቢሮው የለ።"
"ደብዳቤ እጽፋለሁ" አለች። "መጻፍ አልችልም፤ አስጽፋለሁ።"

መሳቢያውን ሳብኩ። ሳንቲሟ እዚያው ነበረች፤
ለዳቦም፣ ለታክሲም ሳልሰጣት የቆየች።
ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥኳት፣ በጣቴ ያዝኳት፣
እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ በእርሳስ ዞርኳት።