ውሃ ቢወቅጡት

በካይኑ፣ በሰሜን፣ ጥር ወር ሲጋመስ፣
ፀሐይ ብቅ ብላ ሳትቀመጥ ስትመለስ፣
ኡርፖ ከሐኪም ወጣ ወረቀቱን ይዞ።
«ክኒንህን ዋጥ» ብላዋለች፣ «ጨውህንም ቀንስ፤
ከቤትህ ውጣ ደግሞ፣ ሰው ካለበት ድረስ።»

ሠላሳ ክረምት ሙሉ መኪናውን እየነዳ
የአገሩን መንገድ ሲጠርግ፣ ከበረዶ ሲያጸዳ
ማንም አልቀደመውም።
ራውኒ ከሞተች ወዲህ ግን
አካፋውን አልነካም፤ ደጁ እስኪታፈን
በመስኮት ያያል ብቻ።
በረዶው አልታከተም፤ ይወርዳል ቀንም ማታ።

ሂልፓ፣ ጎረቤቱ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
በረዶውን ሰንጥቃ መጣች፣ ፎጣ ባንገቷ።
«ሳውናው ነድዷል» አለች።
«ልቤ እኮ…» አለ።
«እሱንም ይዘህ ና» ብላው ዞራ ሄደች።

የሐይቁ ዳር ጎጆ ጥላሸት ነው ግድግዳዋ፤
ጨለማዋ እንደ ወሸባ ከላይ እስከ ታች ያልባል።
ሂልፓ በእንጨት ጭልፋ ድንጋዩ ላይ ውሃ ቸለሰች፤
እንፋሎቱ ጣሪያውን ዞሮ፣ ከብዶ፣
መጥቶ ትከሻው ላይ አረፈ ወርዶ።
በእነሱ ቋንቋ የዚያ እንፋሎት ስሙ
ጥንት «ነፍስ» ማለት ነበር አሉ።
ኡርፖ አንገቱን ደፋ፤
ነፍስ መጀመሪያ የምትፈጀው ጆሮን ነው ለካ!

ከዚያ የበርች ቅጠል፣ እስሩን፣ ከባልዲ አወጣች፤
ጀርባውን ስትጠበጥበው ሰኔ ሰኔ ሸተተ።
እጁን ዘርግቶ ያዘው። ቋጠሮውን አየ፦
ሁለት ዙር፣ አንድ ማነቂያ፣ ጫፉ ወደ ግራ።
በዚህ ምድር ላይ እንዲህ የምታስር አንዲት ነበረች።
«ራውኒ ናት» አለች ሂልፓ፣ «አምና፣ ለክረምት ብላ፤
ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ሦስት ቀርተውላታል ሌላ።»
ፊቱን አበሰ። «ላብ ነው» አለ።
«ላብ ነው» አለች እሷም፣ ድንጋዩን እያየች።

ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ አራት።
የመሰላሉ እርከን ሁለት፣
ቀዳዳው የሬሳ ሳጥን ያህል።
ይህን አሰበና፣ አፈረ፣ ወረደ።
ብርዱ ብርድ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር፣ ባንዴ
ከእግር ጥፍሩ እስከ ማጅራቱ፦ አለህ ወይ?
ትንፋሹ ጠፋበት።
«አውጣው» አለች ሂልፓ ከላይ፣ «ትንፋሽህን አውጣው፤
መግባቱን ራሱ ያውቃል።»
አወጣው።
ገባ።
ያን ሌሊት ኡርፖ አልጋው ላይ እንደ ድንጋይ ተኛ።

በየካቲት ቁጥሩ ጥቂት ዝቅ ብሏል።
ክኒኑ ይሁን፣ የጨው መቅለል፣ ሐይቁ ይሁን፣
ሐኪሟ አላወቀችም፤ እሱም አልጠየቃት።

በመጋቢት ሂልፓን ዳሌዋን አመማት።
ቀዳዳው ሌሊት ሌሊት ይደፈናል፤
በየማለዳው ወርዳ በብረት የምትወቅጠው እሷ ነበረች።
ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ፣ ይባላል፤
የከንቱ ድካም ምሳሌ።
ይህን የተረተ ሰው ሐይቅ ድንጋይ ሲሆን አላየም።

ዛሬ ማለዳ ከኡርፖ ደጅ እስከ ሂልፓ ደጅ
የተጠረገ ጠባብ መንገድ አለ፤
ከዚያም ወደ ሐይቁ።
ብረቱን አነሣ፣ ወቀጠ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፤
ከታች፣ ከወፍራሙ በረዶ ሥር፣
ውሃው፦ እንቦጭ።
ብረቱን ተደግፎ አዳመጠው።