ማኅተም የሌለው ደረሰኝ

አያ ስንሻው መጡ ከፈጣም ከማዶ፣
በኩታቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ጠርሙስ ባዶ።
ቡሬ፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ የመድኃኒት ቤቴ
ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ሙይልኝ እቴ፤
ሐኪሙ የሰጠኝ ነው፣ ያ ነጭ ለባሹ፣
ከጨበጥሁት ብረት ጉበቴን ያየ እሱ።»

ክዳኑን ብከፍተው ጣቴ ላይ ጠብ አለ፦
ቀጭን ማር፣ ዝንጅብል፣ ሌላም ነገር አለ፣
ስሙን የማላውቀው፣ ምላስ ያቃጠለ።
ወረቀቱን አየሁ። ጥጉ ተላጠና
ከሥሩ አንዲት ሴት ትስቃለች ገና፣
ጠጉሯ እስከ ወገቧ።
የሻምፖ ጠርሙስ ነው።

«ስንት ከፈሉበት?» አልኋቸው በዝግታ።
በሩን ገልመጥ አርገው ቆዩ ለአንድ አፍታ።
«ሁለት ኩንታል በርበሬ፣» አሉ ቀስ እያሉ፣
«ደም የመሰለ ዛላ፣ እንከን አልባ ሁሉ።
ከዣንጥላው በታች፣ ከገበያው መሐል፣
ሳጥኗ ጢጥ ጢጥ ስትል እሱ ደሞ ያነባል፦
‹ጉበትዎ ደክሟል፣ ኩላሊት ጠጥሯል፣
ልብዎ ከዳር ዳር ውኃ ቋጥሯል፤
ያ የጤና ጣቢያው የግፊት ክኒን ነው
ሥር ሥሩን የበላ፤ ዛሬውኑ ይተዉ።›
ደግሞ ‹የጤና መድን ደብተር አድሳለሁ›
ብሎኝ፣ ከነብሩ እጁ ላይ ጥያለሁ፤
ይኸው ደረሰኙ።»

ቀኑ አለ፣ ፊርማ አለ፣ የጣት አሻራ አለ፤
የማኅተሙ ቦታ ነጭ ነው እንዳለ።

ክንዳቸውን ጠቅልዬ ግፊቱን ለካሁት፤
ቁጥሩን ከመናገር ሁለት ጊዜ ዋጥሁት።
ቀና ስል ጋዋኔ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ፣
ያን ሰውዬ መሰለኝ፣ አንገቱን አዘንብሎ።
«አጭበርባሪ ነው፣» አልሁ፤ «ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤
ክኒንዎን ሳይሆን ይህን ነው የሚክዱ።»

እሳቸውን ግን ሌላ ነው ያስጨነቃቸው፦
«አደራሽን፣ ልጄ፣ ልጆቼ እንዳይሰሙ፤
‹አባ ጃጁ› ብለው ዙሪያዬን ሊቆሙ፣
የጎተራውን ቁልፍ ነገ ሊወስዱብኝ፣
እንደ ጨቅላ ልጅም ጥግ ሊያስቀምጡኝ!
እኔ ስንሻው ነኝ! የወሰን ዳኛ ነኝ!
ድንበር የገፋ ሰው ዓይኑ የሚነግረኝ፤
ይኼን ጩሉሌ ግን ማን ሰወረብኝ?
ጉልበቴን ስሞ ነው በሬዬን የጠየቀ፣
የሟች ሚስቴን ስም እንኳ ከየት እንዳወቀ!
ጠያቂ ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ ነው?»

መልስ አልነበረኝም።
ሌባውን የሸሸገው ጫካ አይደል፣ ገደል፤
የተበላ ሰው ነው፣ አፍሮ ዝም ሲል።

በሳምንቱ ደግሞ፣ ገበያው ሲደራ፣
አየኋቸው ከሩቅ፣ ያ ዣንጥላ ጋራ፤
ደረሰኙን በእሾህ ከኩታቸው ሰክተው፣
ደረታቸው ላይ ነው፣ እንደ ኒሻን ሰቅለው።
አልጮኹም። ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተክለው፣
«ተበላሁ» አሉ ብቻ።
«እኔ ስንሻው። ሰማችሁ? ተበላሁ።»

ገበያው ጸጥ አለ።
እሜት የውብዳር ቀድመው መቀነት ፈቱ፣
አጣጥፈው የሸሸጉት ወጣ ወረቀቱ።
መሪጌታ ልየው ከጥምጣማቸው ሥር፣
አንዱ ከጫማው ውስጥ፣ አንዱ ከጋቢው ዳር፤
አሥራ አንድ ቆጠርሁ፤ አንድ ማኅተም የለ፣
ሁሉም ለየብቻው አፍሮ ዝም ያለ።

ሰውዬው አመለጠ፣ ሳጥኗን ጠቅልሎ፣
በደምበጫው መኪና ደረጃው ላይ ዘሎ።
ደምበጫ ደወልሁ፣ ለፖሊስም ነገርሁ፤
ይያዝ አይያዝ ግን እስካሁን አልሰማሁ።

አያ ስንሻው አሁን በየወሩ መጥተው
ክኒን ይወስዳሉ። ገንዘቡን ቆጥረው፣
ዕቃውን ተቀብለው፣ አይሄዱም ከደጄ፤
ደረሰኜን ገልብጠው፣ «ማኅተሙስ፣ ልጄ?»
ይላሉ፣ በፀሐይ አንጋጠው ይዘውት፣
አንድ ዓይን ጨፍነው ዙሪያውን ቃኝተውት።
መትቻለሁ እኮ። ቀለሙ ፈዝዟል።
ደግሜ እመታለሁ፤ ጠረጴዛው ይጮኻል።
አያምኑኝም ገና።
ጎሽ፣ አያ ስንሻው።