ቸረካ

ዓርብ ከሰዓት፣ የመጨረሻው ጉዞ፣
አፉላ ሱቆቿን ቆላልፋ ለሰንበት ስትጣደፍ፣
ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ነበር ቦታሽ።
እግርሽ ወለል አይደርስም፤
በየመብራቱ ጀርባዬን በጫማሽ ትደልቂኛለሽ።
"ተይ እንጂ፣ ልጄ!"
ያችን "ተይ" ዛሬ መልሼ ብውጣት።

ደወሉን ትጫኛለሽ፤ የሚወርድ ሰው የለም።
እቆማለሁ። በሩን እከፍታለሁ።
ንፋስ ይገባል፤
ከሸለቆው አዲስ የታረሰ አፈር ሽታ ይገባል፤
ዘንቢሏን ያቀፈች ሩሲያዊት አሮጊት
"ማነው የወረደው?" በሚል ዓይን ታየኛለች።
ማንም፣ እላታለሁ በትከሻዬ። በሩን እዘጋለሁ።
ማን እንደወረደ
ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ ገባኝ።

አንድ ማታ ወደ ሰፈር ስንወጣ
ከሞሬ ኮረብታ ጫፍ
ትልቅ ሆና፣ ቀልታ ብቅ አለች፤
መስታወቱን በጣትሽ አድፈሽ "ቸረካ!" አልሽ።
ጨ በይ፣ አልኩሽ። ጨ።
ምላስሽን ላንቃሽ ላይ ለጥፈሽ በድንገት ልቀቂው።
"ቸ" አልሽ።
ቃ ደግሞ ከጉሮሮ ነው፤
ቁራ ሲጮህ ሰምተሽ አታውቂም?
"ካ" አልሽ።
ፋንታነሽ እቤት ስነግራት ሳቀች፤
"ተዋት፣ በጊዜዋ ትድረስበት።"
እኔ ግን አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ፤
ቁልፍ ኩልፍ ሲሆን፣ ጠረጴዛ ተረቤዛ ሲሆን፣
እያንዳንዷን፣ ትኬት እንዳልቆረጠ ተሳፋሪ፣
ከነሻንጣዋ አወረድኳት።

ሰባት ዓመት ሲሞላሽ፣ በአንድ ተራ ማክሰኞ፣
ቆሻሻ ልንጥል ወርደን፣
"አባ፣ ጨረቃዋ ጎድላለች" አልሽ፤
ጨ እንደ ጨው፣ ቃ እንደ ቃል፣ ጥርት ብሎ።
ደስ አለኝ እንጂ!
በነጋታው ጣቢያ ላለው ሾፌር ሁሉ አወራሁ።
ያን ሌሊት ጋደም ብዬ ግን
ቸረካን ፈለግኳት፤
ቤቱ ውስጥ የሚናገራት ሰው አልነበረም።
አንድ ተናጋሪ ብቻ የነበረው ቋንቋ፤
ያጠፋሁትም እኔው፣ እያቆላመጥኩ።

("አባ" የምትይኝ በዕብራይስጥ ይሁን በአማርኛ
ዛሬም አላወቅኩም፤ አልጠየቅኩሽም።
አንዳንድ ነገር ሲጣራ ይቀንሳል።)

በአሥራ ሦስት ዓመትሽ ከጓደኞችሽ ጋር ተሳፈርሽ፤
ካርድሽ ጢጥ አለ፤ "ሻሎም" አልሽኝ፣
እንደማንኛውም ሰው፣
ወደ መጨረሻው ወንበር አለፍሽ።
አልከፋኝም።
ትንሽ ከፋኝ።
ስትወርጂ የሱፍ ቅርፊት ወለሉን ሞልቶት ነበር፤
ማታ መጥረጊያ ይዤ እዚያች ወንበር ሥር
ከሚገባው በላይ ቆየሁ።

ዛሬ እሑድ ነው፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል።
የደንብ ልብስሽ ገና መጋዘን መጋዘን ይሸታል።
ሆዳያ፣ ሲጠሩሽ "አቤት" የማትይ ልጅ፣
አሁን ሌላ ሰው በቁጥር ይጠራሻል።
ከአንቺ የሚበልጥ ሻንጣ እየጎተትሽ ገባሽ፤
ለሻንጣው ሌላ ቦታ አጥተሽ ነው መሰለኝ
ከወንበሬ ጀርባ ተቀመጥሽ።
እግርሽ ወለሉን ረግጧል፤
ተርፎም መተላለፊያውን ይዟል።
ሦስተኛው ማቆሚያ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደሽ።
የመንገዱን ጉብታ ሁሉ
እንቁላል እንደጫነ ሰው አለፍኩት።
ደወል የተጫነ የለም፤
እኔ ግን አንድ ባዶ ማቆሚያ ላይ ቆምኩ፤
በሩን ከፈትኩ፤
ንፋሱ ገባ፤
ዘጋሁት።

ከፊት ለፊቴ፣ ከሸለቆው ማዶ፣ ወደ ቀርሜሎስ
ስታዘቀዝቅ አየኋት፤
ገርጥታ፣ ከጎኗ ትንሽ ጎድላ።
ለራሴ ነበር፣ በሹክሹክታ፣ ለመስታወቱ፦
"ቸረካ።"

ከጀርባዬ፣ ዓይን ሳይገለጥ፣ በእንቅልፍ ድምፅ፦
"ጨ በል፣ አባ። ጨ።"

"ቸ" አልኩ።