ማንም አልሞተም

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሳይነጋ ተነሥቼ፣
በእሪ በከንቱ አፋፍ ጥሩንባ ነፍቼ፣
የሟች ስም ጠራሁኝ፣ የቤቱን ቁጥር፣
ቀብሩ ስንት ሰዓት፣ የትኛው ደብር።
የእድር ለፋፊ ነኝ፤ ሕፃን ሲያየኝ ይሸሻል፣
የሰማኝ ሁሉ አማትቦ «ዛሬስ የማን ነው?» ይላል።

ግቢያችን አሥራ አንድ በር ነው፤ ሽንት ቤቱ ግን አንድ፤
ቁልፉ የታሰረ በበርጩማ እግር ግንድ፣
እንዳይጠፋ ተብሎ። ሌሊት ሌሊት ግን
ያ እንጨት ስንቱን አንከራተተ፣ ሆዱን ይዞ ሲለምን።
«ማን ጋ ነው?» «እነ ሸምሲያ ጋ።» «ኧረ መልሰናል!»
እስኪገኝ ድረስ የቸኮለው ፌስታል ይፈልጋል።
ፌስታሉም ወደ ወንዝ። ወንዙ ምን ይላል?
እሪ ብትል በከንቱ ነው፤ ስሙ ነግሮናል።

ጉድጓዱ ከሞላ ሁለት ክረምት አልፎታል።
የመምጠጫው መኪና አስፋልት ዳር ይቆማል፤
ቱቦው አርባ ሜትር፣ የኛ መንገድ ስልሳ፣
ሾፌሩ ትከሻውን ሰብቆ ማርሹን ወደ ኋላ።
ወረዳ ሄድን፤ ወረዳው «ማመልከቻ» አለን፣ «ማመልከቻ!»
መልስ የሰጠን ጉድጓዱ ነው፣ ሐምሌ ላይ፣ እሱ ብቻ፤
በየደጃፋችን።

በዚያ ሐምሌ ነው ምንታምር የሞተችው።
ሦስት ዓመት ከመንፈቅ። ተቅማጥ።
ስሟን እኔ ጠራሁ፤ አጭር ስም ነው፣ ትንፋሽ አይፈጅም።
እድሩ ወዲያው ድንኳኑን ተከለ፣
ወንበር ተደረደረ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣
ለእናቷ ለዘውድነሽ ብር ተቆጠረ፤ አስፈረሟት።

በወሩ ስብሰባ ዘውድነሽ ተነሣች።
እንባ የለም። የመዋጮ ደብተሯን ይዛለች።
«ድንኳናችሁ ደርሶልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።
ንፍሮውም፣ ወንበሩም። ሁሉም ደርሶኛል።
ግን ልጄ በሞተች በሦስት ሰዓት የደረሰ እድር፣
ሳትሞት፣ ሁለት ክረምት ሙሉ፣ የት ነበር?»

ሊቀመንበሩ ጋሽ ወንድይፍራው መነጽራቸውን አወለቁ።
«ደንቡ…» አሉ፤ ከደንቡ ቀጥሎ ያለውን ግን አላወቁ።
ከኋላ አንድ ሰው ሳለ።
ከዚያ ቃለ ጉባኤው ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪፕቶ፣
«ለቀብር» ከሚለው በላይ «ለጉድጓድም» ተብሎ ተጨመረ።

የሸምሲያ ወንድም ግንበኛ ነው፤ ግማሽ ቀን ለእንጀራው፣ ግማሹን ለኛ።
የነሱም እድር ስምንት ኩንታል ሲሚንቶ ሰደደ።
የጤና ባለሙያዋ ልጅ፣ ጫማዋ ጭቃ ውጦት፣
በክር ለካችልን፤ «ከቧንቧው ራቁ፣ ወዲህ ቆፍሩት።»
ቱቦውን ከጋራዡ ባለቤት ተዋስን፣ ሃያ ሜትር፤
የሰጠው ለጽድቅ አይደለም፤ ሽታው እሱም ጋ ይደርስ ነበር።

ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጥሩንባዬን አነሣሁ።
አፌ ላይ ከበደኝ። የምጠራው ስም የለኝ፤ ምን እንደምል ረሳሁ።
ነፋሁ።
በሮች ተከፈቱ፤ ነጠላ ተዘቀዘቀ፤ ከወዲያ ጩኸት ተሰማ፤
«ማን ነው? ማን ነው?»
«ማንም አልሞተም!» አልኩ። ድምፄ ሰለለ።
«ማንም አልሞተም! አካፋ ያለው አካፋ፣
ባልዲ ያለው ባልዲ፣ የሌለው እጁን ይዞ ይውጣ!»

ፀሐዩ ሲበረታ ያንኑ ድንኳን ተከልን፣ በጉድጓዱ አናት።
ከታች ሰፈር አንድ ሽማግሌ፣ ጥቁር ኮት ደርበው፣
አንገታቸውን ደፍተው ገቡ፤ ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጡ፤
«ነፍስ ይማር» አሉ። ቆይተው፣ «ሟች ምን ሆነው ነው?»
ግንበኛው ከጉድጓድ ውስጥ፣ «ሞልተው ነበር አባባ፤
ዛሬ ይወጣሉ።»
ዘውድነሽ ሳቀች። ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።
ከዚያ ባልዲውን አንሥታ ዞር አለች።

አሁን በሩ ሁለት ነው። የጋራዡ ቱቦ አልተመለሰም።
የማክሰኞ አጣቢ ማን እንደሆነ እስካሁን አልተስማማንም።
የእጅ መታጠቢያው ጀሪካን ክዳኑ ሁለቴ ተሰርቋል።
የሚሞትም አልጠፋ፤ ባለፈው ሳምንት ጠርቻለሁ።

ትናንት ግን ደጃፌ ላይ ጥሩንባዬን ስወለውል
አንድ ሕፃን መጥቶ ቆመ። አልሸሸም።
አፍንጫውን በክንዱ ጠረገና፣
«ጋሼ፣ ነገስ ምን ልንቆፍር ነው?» አለኝ።