ትለፍ

ትኬት ፈታሽ ነበርኩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ከድሬ እስከ ደወሌ፣ በሐሩር በሌት።
ትኬት የሌለው ሰው አንድ ነው ንግግሩ፤
«ሻንጣዬ ውስጥ ናት» ይላል፣ ይረጥባል ግንባሩ።

ታዲያ ህሊና ከሐዋሳ ደውላ «አባዬ፣ ውሻ ግዛ፣
ዘር ያለው ይሁን እንጂ፤ ከዚራም ሌባ በዛ፤
እማዬ ከሄደች ወዲህ ግቢው ጭር አለ» ስትለኝ፣
ሳቢያን ሄድኩ፣ ባጃጁ እያንገጫገጨኝ።

ኪሩቤል ይባላል ሻጩ፣ መነጽሩ አናቱ ላይ፤
በብስኩት ካርቶን አመጣው፤ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን እይ!»
የበረዶ አገር ካፖርት የደረበ ቡችላ፣
ከማራገቢያ ፊት ተኝቶ ያለከልካል በጥላ።
ዓይኑ ሰማያዊ፣ ጅራቱ ጥምጥም፤
ልቤ ሸፈተ፣ አልዋሽም።

«እናቱስ?» አልኩት። «አዲስ አበባ ናት።»
«አባቱስ?» «ውጭ ነው።» «ክትባትስ?» «ክትባት...
ወረቀቱ ይመጣል ጋሼ፣ ሰኞ ይደርሳል።»
ሁለት ወሩ ነው አለኝ፤ ትናንት ዓይኑን የገለጠ ይመስላል።
ግንባሩን አየሁት። ረጥቧል። ትኬት የለውም ይህ ሰው።
ባቡር ላይ ብንሆን አዲጋላ ላይ ባወረድኩት፤
ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ግን ማን ያውርደው?

በማግስቱ ሐረር ወጣሁ፣ በደንገጎ ጠመዝማዛ፣
ሸንኮር፣ ሻምበል ጉደታ ዘንድ፤
ጀርመን ሼፐርዶቹን አይሰጥም በዋዛ።
እናቲቱ ፊቴ ቆመች፣ ጡቷ ገና ያልደረቀ፤
እጄን አሽትታ እስክትጨርስ እሱ ዝም ብሎ ጠበቀ።
«በሁለት ዓመት አንዴ ነው፤ ከዚያ በላይ ግፍ ነው» አለ፤
ደብተሩን ገልጦ ዘሯን ቆጠረ፣ እስከ ቅድመ አያት ዘለለ።
«ቤትህስ የት ነው?» «ድሬ።» ደብተሩን ዘጋው ወዲያው፤
«ይህን ጠጉር ይዞ ድሬ? ልጄን ለእሳት ልስጠው?»

ባዶ እጄን ወረድኩ፤ ግን ከፍቶኝ አልነበረም፤
«አልሸጥም» የሚል ሻጭ እኔ አይቼ አላውቅም።

ኢፍቱን የጠቆመኝ እሱ ነው፤ የከብት ሐኪም ናት።
ከደቻቱ አሸዋ፣ ከታይዋን ጓሮ የለቀመቻቸው
አሥራ ዘጠኝ ውሾች አሏት፤ አሥራ ዘጠኝ ስም አላቸው።
እኔ መራጭ መስዬ፣ እጄን አጣምሬ ወደ ኋላ፣
ልዞር ስል፣ «ይቀመጡ» አለችኝ፤
«በመጀመሪያ፣ አለዎት ወይ ጥላ?
ቀትር ላይ ውሃ የሚቀይር ማን ነው?
ሰንሰለት አለ? ለምን?
የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ነው፣ ያውቃሉ?
ዕድሜዎስ?
እርስዎ ቢቀድሙ ማን ይረከባል?»

ላብ በግንባሬ ሲወርድ ተሰማኝ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የፈተሽኩት መንገደኛ ሁሉ ሳቀብኝ።

«ኒም አለኝ» አልኩ፣ «ሁለት፤ ባለቤቴ የተከለችው።»
መጣች፤ ግቢውን ለካች፤ የአጥሩን ቀዳዳ ቆጠረችው።
ሦስት ቅዳሜ አመላለሰችኝ። በአራተኛው አንዲት ቡኒ፣
ጆሮዋ የተተለተለ፣ ከሌሎቹ ርቃ፣
መጥታ ጫማዬን አሸተተች፤
ጫማዬ ላይ ተኛች። በቃ።

ወረቀት አስፈረመችኝ፤ «ካልሆነልዎ ለእኔ ይመልሱ፤
መንገድ ላይ አይጣሏት፤ ክትባቷንም እንዳይረሱ።»

ማታ ስልኩ ጮኸ፤ «ገዛህ? ዘሩ ምንድን ነው?» አለች ልጄ።
በሦስት ቋንቋ ገበያ ወርዳ፣ በአራተኛው ተሳድባ ያደገች፣
የድሬ ልጅ፣ ዘር ትጠይቀኛለች!
«የደቻቱ ናት» አልኳት።
«ስሟስ?»

የፊቱ ሰው ውሻውን ሲሰይም ለጎረቤት መልእክት ነበር፤
«ምን አገባህ»፣ «ሰው ይታዘብ»፣ እያለ በአጥር ላይ ሲናገር።
እኔ የምነግረው ጎረቤት የለኝም።
ሙያዬን ብቻ ሰጠኋት፤
ትኬቷን ሳላይ፣ «ትለፍ» አልኳት።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። የኒሙ ጥላ ወደ ግድግዳው ሲሸሽ
ትነሳለች፣ ትከተለዋለች፣
ዞራ ታየኛለች፤
እኔም ወንበሬን አነሳለሁ።