ተነሺ

ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ ግንፍሌ ድልድይ ሥር፣
የሚሠራውን ፎቅ ሥዕል የለበሰ አጥር።
ከአጥሩ ወዲህ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል፤
ከአጥሩ ወዲያ ዱር ነው፤ በቀትር ይመሻል።

ካርታዬ «ባዶ» ይላል፣ ሦስት ሺህ ካሬ ሜትር፣
ቅጠል እንጂ ነፍስ የለው፣ ልማት የሚያስቸግር።
ቦንሳ፣ ከወንዙ ዳር መኪና የሚያጥበው፣
ሽንቁሩን አሳየኝ፤ እሱ ግን ከውጭ ነው።
«አትገባም?» ብለው ሳቀ፤ ስፖንጁን ጨመቀ፤
«ስትወጣ ቁጥሩን ንገረኝ» ብሎ ፊቱን አራቀ።

ገባሁ።
መጀመሪያ የጠፋው ድምፅ ነው፤
ያ ሁሉ ጥሩንባ፣ ያ ሁሉ መዶሻ፣
ከኋላዬ እንደ በር ተዘጋ እስከ መጨረሻ።
ወይራው ግንድ ለግንድ ተቃቅፎ አርጅቷል፣
ሽበት ከቅርንጫፉ ተንዠርግጎ ወርዷል።

ሥራ ላይ ነኝና መሣሪያዬን ተከልኩ፤
ውሃ ልኬ ዋለለ፣
አረፋው መሐሉን እምቢ አለ።
ከሣሩ ብቅ ያለ አንድ ድንጋይ አገኘሁ፣
ለምልክት ይሆናል ብዬ ቀይ ቀለም ቀባሁ።
«ነጥብ አንድ» ብዬ ጻፍኩ።

ቀና ስል ሌላ አለ። ከሱም ኋላ ሌላ።
ቁመታቸው የሰው፣ ትከሻቸው የሰው፣
ክብ ሠርተው የቆሙ፣ ነገር የያዙ ይመስል።
መስቀል የለባቸው፣ ጨረቃ የላቸው፣
«እዚህ አረፉ» የሚል የለም በደረታቸው።
ማን ጠርቦ ተከለ? ከከተማው በፊት?
ከከተማው ስም በፊት ከነበረው ስም በፊት?

አሥራ አንድ ቆጠርኩ።
የአንዱ አናት ላይ ቅቤ፣ ዛሬ የተቀባ፤
ከሥሩ እርጥብ ሣር፣ ጤዛው ያልረገበ።
ዱካ ፈለግሁ፤ ከእኔ ጫማ በቀር የለም።
ያኔ ነው የገባኝ ማን ግንባር ላይ እንደጻፍኩ።
መሐረብ አውጥቼ ፈተግሁ በምራቄ፤
አልለቅ ሲለኝ ጊዜ ቀላሁ ተሳቅቄ።

ከዚያ ቅጹን ፈታሁ፣ ቢሮ የሰጠኝን።
የይዞታ ማስረጃ? ሥር።
የሊዝ ዘመን? ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ለእነሱ ሸለብታ ነው።
ምትክ ቦታ? ሞት ሁለት ቀበሌ አለው?
የልማት ተነሺ፣ በቁጥር?

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ተነሺ።
በእትዬ አልጣሽ በር፣ በሀጂ ሙዘይን ሱቅ፣
እጄ ሲጽፈው ኖሯል፣ ልቤ ፍቺውን ሳያውቅ።
እናቴን ስንቀብር ቄሱ «ትነሣለች» ብለው አጽናኑኝ፤
ያኔ ካሳ የጠየቀ የለም፣
ቀን ቁረጡልን ያለም።

ጻፍኩ፦ «ተነሺ፣ አሥራ አንድ።
ቀኑ ያልተቆረጠ።»

በሽንቁሩ ስወጣ ከተማው ጮኸብኝ።
ቦንሳ ጎማ ያጥባል። ቀና ብሎ አየኝ፤
ስሜን አልጠየቀኝ፣ ያየሁትንም።
«ስንት?»
«አሥራ አንድ» አልኩት። ባልዲውን አዘነበለ፤
ቀይ እጄን እያጠበ፣
«አምና የገባው ቀያሽ አሥር ቆጥሮ ነበር» አለ።